ታቡን ዘግቼ ወጣሁ፣ ጎንጤ ግን ቆሞ ቀረ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ከሰው መሃል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ በእነዚህ ዓመታት «አንድ ነገር ገብቶበታል» ተብሎ የመጣልኝን ኮምፒውተር ሁሉ ፈትቼ ያገኘሁት አቧራ፣ ጉንዳንና አንድ ጊዜ ደግሞ የቆሎ ፍሬ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳን ሰው ተነስቶ ሕልሙን ሲመሰክር እኔ ማታ ምን በልቶ ተኝቶ ይሆን እያልኩ ነው የማዳምጠው፣ ባለቤቴ ሊዲያ በዚህ ታፍርብኛለች፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ነገር ከሌላ ሰው ብሰማው እኔም አላምንም ነበር፣ ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ፣ ምናልባት ከእናንተ መሃል የገባው ሰው ካለ ያስረዳኛል፣ እኔ አልገባኝም።

ነገሩ የጀመረው በጨዋታ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኢዮብ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፍለጋ ሲዞር፣ እግረ መንገዱን «ሰባት ገደል» የሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ አገኘና እኔንም አስገባኝ። ስዕል የለው፣ ድምፅ የለው፣ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ያውም በአማርኛ። «ገበያ መሃል ቆመሃል፣ በስተሰሜን ወፍጮ ቤት አለ» ይላችኋል፣ «ሰሜን» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ትደርሳላችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ሆኖ ነው የሚገባው፣ እኔ ጎንጤ የሚባል ቀጥቃጭ ነኝ፣ ኢዮብ ሽብሩ የሚባል አዳኝ ነው፣ ሌላ ሠላሳ አርባ የሚሆን ሰው ከየት እንደሚገባ የማናውቀው ይኖራል። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ የሚያሳፍር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን እውነቱን ካላችሁ ከወንድሜ ጋር እንደ ልብ የምናወራው እዚያ ብቻ ነበር። ፊት ለፊት ስንገናኝ እኔ ታላቅ እሱ ታናሽ ነን፣ «እንዴት ዋልክ»፣ «ደህና ነኝ ጋሼ»፣ በቃ፣ ያልቃል። እዚያ ግን ጎንጤና ሽብሩ ነን፣ እንሰዳደባለን፣ እንሳሳቃለን።

የምንጣላውም በዚያው በጨዋታው ነበር፣ በአገባቡ። ወደ ጨዋታው በሁለት መንገድ ይገባል፣ ወይ ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ ወይ እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ በብሮውዘር ከፍቶ። ኢዮብ የፕሮግራሙ ሰው ነው። ፕሮግራሙ የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል ይመዘግብለታል፣ የሄደበትን መንገድ ካርታ አድርጎ ይስልለታል፣ ከፈለገ ደግሞ «እንዲህ የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ይህን አድርግ» ብሎ ያዝዘዋል። ለምሳሌ ጎንጤ አንድ ነገር ሲናገር ደወል እንዲጮህ አድርጎታል፣ የእኔ ንግግር እንዳያመልጠው መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ የብሮውዘር ሰው ነኝ። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ምንም ነገር መጫን ክልክል ነው፣ የከለከልኩት እኔው ነኝ፣ የራሴን ሕግ እኔው ልሽር? ደግሞስ ብሮውዘር ንጹሕ ነገር ነው፣ ትከፍታላችሁ ትገባላችሁ፣ ታቡን፣ ማለትም የከፈታችሁትን ገጽ፣ ትዘጋላችሁ ትሄዳላችሁ። ኢዮብ በዚህ ያሾፍብኛል፣ አንተ የምትጫወተው እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ነው ይለኛል፣ እኔም እሱን የሰማውን ሁሉ የሚጽፍ የቀበሌ ጸሐፊ እለዋለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሳለ ኢዮብ ደቡብ አፍሪካ ልሄድ ነው አለ።

እኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ከየቤቱ አንድ ሰው እዚያ አለ። አንዱ ገንዘብ ልኮ ለእናቱ ቤት ያሠራል፣ አንዱ በሱቁ በር ላይ ተገድሎ ሬሳው ይመጣል፣ የአንዱ ደግሞ ወሬውም አይመጣ። መንገዱ በሞያሌ ወጥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ እያለ የሚሄደው ነው፣ በእግርም በተሸፈነ መኪናም፣ መንገድ ላይ የቀሩትን ልጆች በስም እናውቃቸዋለን። ደላላው ተገኝቷል፣ አብረውት የሚወጡት ልጆች ታውቀዋል፣ ሻንጣው ተዘጋጅቷል፣ የቀረው ምርቃት ብቻ ነበር። አባታችን ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በእኛ ቤት አባት ከሌለ የሚመርቀው ታላቅ ልጅ ነው፣ ይኸውም እኔ ነኝ። ለአንዳንዱ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል፣ እኛ ጋ ግን ሁሉ ነገር ተሟልቶለት ምርቃት አላገኘሁም ብሎ ወር ሙሉ የሚቀመጥ ሰው አለ፣ እመኑኝ፣ የጎረቤታችን ልጅ እንዲያውም ቀርቷል። እኔም ወንድሜን ማስቀረት የምችለው በዚህ ብቻ ነው ብዬ ምርቃቴን ያዝኩ። እናታችን ሞርሲቶ ነው ያለችው፣ ስትደውል «አንተ እንዳልክ ይሁን» ትለኛለች፣ የልጇን ሕይወት እጄ ላይ አስቀምጣ ስልኩን ትዘጋለች።

አሁን የቤታችንን ደንብ ልንገራችሁ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። መራቂው ካልፈለገ «አልመርቅም» ብሎ አይናገርም፣ ነውር ነው። ጠያቂው መጥቶ ፊቱ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ሽማግሌው ካልተዋጠለት ምንም ሳይል ተነስቶ ይወጣል፣ አለቀ። ካልወጣ ግን፣ ዝም ብሎ እዚያው ከቆየ፣ እያሰበ ነው፣ ልቡ ሊራራ ነው ማለት ነው፣ ጠያቂውም አይጎተጉትም፣ ይጠብቃል።

ኢዮብ ፊት ለፊት ሊጠይቀኝ አልደፈረም፣ በጨዋታው ጠየቀኝ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመን ስናወራ «ሽብሩ መሬት ላይ ተቀመጠ» የሚል ጽሑፍ መጣ፣ ቀጥሎ «ጋሼ፣ መርቀኝ» የሚል። ጎንጤ ሆኜ ሳለ ጋሼ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር፣ ደነገጥኩ። ከዚያ እንደ ደንቡ ምንም ሳልል ተነስቼ ወጣሁ፣ ማለትም ታቡን ዘጋሁት። በማግስቱም ስገባ ጠየቀኝ፣ ዘጋሁት። በሌላው ቀንም እንደዚያው። አሁንስ ገብቶታል እያልኩ ቤቴ እገባለሁ።

ያላወቅኩት ነገር ይኸውላችሁ። በፕሮግራሙ የሚጫወት ሰው ሲጨርስ «ውጣ» ብሎ ይጽፋል፣ ጨዋታው ውስጥ ያለው ሰውዬም አብሮት ይወጣል። በብሮውዘር የገባ ሰው ግን ታቡን ሲዘጋ እሱ ይሄዳል እንጂ ሰውዬው አይሄድም። ቆሞ ይቀራል። እኔ የትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ቆልፌ ቤቴ ገብቼ እራቴን ስበላ፣ የኢዮብ ፕሮግራም ላይ «ጎንጤ እዚህ ቆሟል» ይላል፣ አንድ ሰዓትም፣ አምስት ሰዓትም፣ በማግስቱም። የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ ነግሬያችሁ የለ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እኔ ተነስቼ ወጣሁ ስል ወንድሜ ታላቄ ፊቴ ቆሞ እያሰበልኝ ነው ብሎ በተስፋ ይጠብቀኝ ነበር፣ ከሰፈር ሲመለስ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ሽብሩን መሬት ላይ እንደተቀመጠ፣ ዝም ብሎ ጎንጤን እያየ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

መጀመሪያ ግራ ያጋባን ደወሉ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ኢዮብ ጠጋ ብሎ ትናንት ምን ልትለኝ ፈልገህ ነበር አለኝ፣ ደወሉ ጮኾ ጽሑፉ ግን እንዳልመጣለት ነገረኝ። ኔትወርክ ነው ብዬ ዘጋሁት። በዚያው ሳምንት ሌላ ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ፣ ደወል አለ፣ ጽሑፍ የለም። ደወሉ የሚጮኸው ጎንጤ ሲናገር ብቻ ነው፣ ሳይናገር ምን አስጮኸው? እኔ እነዚያን ሰዓቶች ምን ላይ እንደነበርኩ አውቃለሁ፣ አንዴ ፈተና እያረምኩ ነበር፣ አንዴ የሊዲያ ወላጆች ጋ አንጋጫ ሄደን ነበር። ፕሮግራምህ ተበላሽቷል አልኩት፣ እንዲያውም ደስ እያለኝ፣ ይኸው የምትመካበት ፕሮግራም ብዬ።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። በእረፍት ሰዓት ቤተ ሙከራው ውስጥ ለብቻዬ ሆኜ በብሮውዘር ገባሁ፣ ኢዮብ ካለ ተመልሼ ልወጣ ነበር፣ አልነበረም፣ እፎይ ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ እንደተቀመጥኩ አንድ መስመር መጣ። «ጉሮሮህን ጠረግክ» ይላል። ምንም አልጻፍኩም፣ ጨዋታው እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ እንዳለውም አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ አሁንም «ጉሮሮህን ጠረግክ»። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ግን ሳቄ ቶሎ ጠፋ፣ ምክንያቱም አባቴ ሊመርቅ ሲል ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር፣ ያኔ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ታቡን ዘጋሁት። ኮምፒውተሩንም አጠፋሁት፣ ለምን እንደሆነ ግን እኔንጃ።

ወደ ቀኑ ልምጣ። ቅዳሜ ነው፣ ጠዋት እናቴ ደውላ ልጆቹ ሰኞ ሊወጡ ነው፣ ኢዮብ አንተን ብቻ ነው የሚጠብቀው አለችኝ። ከዚህ በኋላ ዝምታ አያዋጣም፣ ነውርም ቢሆን በአፌ አልመርቅህም እለዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። መብራት ከማለዳ ጀምሮ ጠፍቷል፣ ስልኬ ከእናቴ ጋር እያወራሁ ባትሪው አልቆ ሞቷል፣ ዝናቡ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ የጀመረ ገና አላባራም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባጃጅ ይዤ ኢዮብ የተከራየበት ጎፈር ሜዳ ሄድኩ። ክፍሉ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ናት፣ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ነው፣ ኢንተርኔቱን ከስልኩ ሰጥቶታል፣ አልጋው ላይ ሻንጣው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጮክ ብሎ ካልተናገሩ አይሰማም ነበር፣ ስለዚህ ልናገር የፈለግኩትን በለሆሳስ መናገር እንኳን አልቻልኩም፣ አልመርቅህም ብዬ ጮኽኩበት። ጎረቤት ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም።

አልተቆጣም። ግራ ገብቶት ነው ያየኝ፣ ታዲያ ስንት ቀን ፊቴ ቆመህ ምን ታስብ ነበር አለኝ፣ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። «ጎንጤ እዚህ ቆሟል። ሽብሩ መሬት ላይ ተቀምጧል» ይላል። ያኔ ነው የታቡ ነገር የገባኝ። እኔ እኮ በጠየቅከኝ ቁጥር ታቡን ዘግቼ ሄጃለሁ፣ ያ ጎንጤ ባዶ ነው፣ ሰው የለበትም ብዬ ላስረዳው አፌን ስከፍት፣ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ እንዳለ አዲስ መስመር ወጣ። «ጎንጤ ጉሮሮውን ጠረገ።» ሁለታችንም አየነው። ደግሞ ወጣ፣ «ጎንጤ ጉሮሮውን ጠረገ።» ከዚያ ደወሉ ጮኸ።

ልብ በሉልኝ፣ አንድ እጄ ላይ ውኃ የሚያንጠባጥብ ዣንጥላ ነበር፣ አንድ እጄ ባዶ ነው፣ የሞተው ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። ስክሪኑ ላይ ጎንጤ ተናግሯል። የተናገረው በአማርኛ አይደለም፣ በሀዲይኛ ነው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ። ሀዲይኛ የአፍ መፍቻዬ ነው፣ የሽማግሌ ምርቃት ግን ራሱን የቻለ አነጋገር አለው፣ እኔም ኢዮብም «አሜን» ማለት እንጂ መመረቅ አልተማርንም። ወደ አማርኛ ስመልሰው «የወጣህበት በር ዞሮ ይቀበልህ» እንደማለት ነበር። ኢዮብ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እኔ ተናደድኩ፣ ስፈራ እናደዳለሁ፣ ጠባዬ ነው። የይለፍ ቃሌን ያወቀ አንድ ባለጌ ነው አልኩ። ወንበሩን ስቤ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ብሮውዘር ከፈትኩና ጎንጤ ሆኜ ገባሁ። አንድ ሰውዬ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ ከሆነ ጨዋታው ያንን አስወጥቶ «ሌላ ሰው ነበረበት» ብሎ ይነግራችኋል፣ እንደዚያ አላለኝም፣ ያለኝ «ወደ ሰውነትህ ተመልሰሃል» ብቻ ነው። ብሮውዘሩን በቀኝ፣ የኢዮብን ፕሮግራም በግራ አድርጌ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። በቀኝ እኔ ነኝ፣ በግራ እሱ የሚያየው ነው። ለሙከራ «ዝናብ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በቀኝ «ዝናብ ነው አልክ» አለኝ፣ በግራ ደወሉ ጮኾ «ጎንጤ ዝናብ ነው አለ» ሲል አየሁ። ልቤ ትንሽ ተመለሰ፣ ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ «አትሂድ» ብዬ ጻፍኩ። በቀኝ «አትሂድ አልክ» አለኝ። በግራ ደወሉ ጮኸ፣ የመጣው ግን በሀዲይኛ ነው፣ «የረገጥከው ድንጋይ አይክዳህ»።

ተሳስቻለሁ ብዬ የቀኙን ደግሜ አነበብኩት፣ አትሂድ ይላል። «አልመርቅህም» ብዬ ጻፍኩ፣ በቀኝ አልመርቅህም፣ በግራ «ወንዝ ሲሞላ መሻገሪያ አይጥፋብህ»። «እኔ ታላቅህ ነኝ፣ እለምንሃለሁ ቅር» ብዬ ጻፍኩ፣ በቀኝ ልመናዬ ቁጭ ብሏል፣ በግራ «ስምህን የማያውቅ ሰው በሩን ይክፈትልህ»። እንዳይሄድ ባልኩት ቁጥር ምርቃቱ አንድ መስመር እየጨመረ እንደሆነ ሲገባኝ እጄን ከኪቦርዱ ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው አነሳሁት። ኢዮብ መሬት ላይ እንደተቀመጠ በክንዴ ሥር እጁን አሳልፎ በግራ፣ በሽብሩ በኩል፣ አንድ ቃል ጻፈ፣ «አሜን»። ደወሉ ከዚያ በኋላ አልጮኸም።

እኔ የጻፍኩትን ተመልከት ብዬ በጣቴ ስክሪኑን እየጠቆምኩ ጮኽኩበት፣ አትሂድ ይላል እኮ። ወንድሜ እያለቀሰ ነበር፣ ግን ድምፁ ረጋ ያለ ነው።

«አየሁት ጋሼ። የጻፍከውንም አየሁ፣ የደረሰኝንም አየሁ። እኔ የምይዘው የደረሰኝን ነው።»

አሁን አንዳንዶቻችሁ የምታስቡትን አውቃለሁ፣ እኔም አስቤዋለሁ። ፕሮግራሙ አንዱን ጽሑፍ በሌላ እንዲተካ ማዘዝ ይቻላል፣ «አትሂድ ሲል ይህን አሳይ» ብሎ፣ ስለዚህ ኢዮብ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ሸውዶኝ ይሆናል ብዬ ቅንብሩን ክፈት አልኩት። ሳያመነታ ከፈተልኝ። ያለው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፣ የደወሉ። ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ይህ ሥራዬ ነው። ደግሞስ ለማን ብሎ ይሸውዳል? ምርቃት እኮ ተሰርቆ አይያዝም፣ መሄድ ብቻ ቢፈልግማ ሳይጠይቀኝ ድሮ ይሄድ ነበር። ታዲያ ብሮውዘሩ ነው የዋሸኝ? ወይስ እኔ ራሴ ጣቴ የሚጽፈውን አላውቅም? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፣ ባሰብኩ ቁጥር የባሰ ይምታታብኛል።

ሰኞ ወጣ። መናኸሪያ ሄጄ አቀፍኩት፣ እሱም ምርቃት አልጠየቀኝም፣ ያገኘ ሰው ነው የሚመስለው። ማታ ለእናቴ ስደውል ከመስመሮቹ አንዷን አልኩላት፣ የድንጋዩን። አባታችሁ ይለው የነበረ ነው ትለኛለች ብዬ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ይህ የአባትህ አይደለም አለችኝ፣ ከሌላ ሽማግሌም ሰምታው አታውቅም፣ ከየት አመጣኸው ብላ መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ።

ለጨዋታው ባለቤቶችም ጽፌያለሁ። የዚያን ቀን ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት በጎንጤና በሽብሩ መሃል የተባለውን ከመዝገባችሁ አውጡልኝ አልኳቸው። በትሕትና መለሱልኝ፣ በብሮውዘር የገቡ ሰዎች ታብ ሲዘጉ ሰውዬው ቆሞ የመቅረቱ ነገር የታወቀ ችግር ነው፣ ሌሎችም አመልክተዋል፣ እናስተካክላለን ይላል። ስለዚያች ሰዓት ደግሞ ጎንጤና ሽብሩ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አንድ ላይ ነበሩ፣ ግን ምንም አልተነጋገሩም ይላል። ምርቃቱ የለም፣ አትሂድ የለም፣ «አሜን» የለም። ያ በሁለቱም በኩል እኩል ያየነው «ዝናብ ነው» እንኳን የለም። ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ቀን ምሳ በልተን ሳለን በማላውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለልኝ፣ ኢዮብ ነው። ከኋላው የመኪና ሞተርና የሰው ጫጫታ ይሰማል። ታንዛኒያን አልፈናል መሰለኝ አለ፣ የት እንዳለ እሱም በደንብ አያውቅም፣ ነገ በተሸፈነ መኪና የሚያሻግሯቸው ክፉ ቦታ አለ፣ ከዚያ ያለፈ አልፏል ይሏቸዋል። ድምፁ ያ ክፍሉ ውስጥ የሰማሁት የረጋ ድምፅ አልነበረም፣ ፈርቷል። በጽሑፍ የመጣው አልበቃኝም፣ በአፍህ በለኝ አለኝ። አሁን ተመለስ ብለው መመለሻ የለውም፣ ይህን እያወቅኩ ምን ብዬ ልከልክለው? ግን ምርቃቱን አላውቀውም አልኩት። እሱ የዚያን ቀኑን መዝገብ ፕሮግራሙ ላይ እንዳለ ስልኩ ላይ ገልብጦ ይዞታል፣ እኔ እያነበብኩ ልንገርህ፣ አንተ ተከተለኝ አለኝ።

እንዲህ ሆነን መረቅኩት፣ እሱ ያነባል፣ እኔ እደግማለሁ። የበሩን አነበበ፣ ደገምኩ። የድንጋዩን አነበበ፣ ደገምኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ሊዲያ አጠገቤ ሳህን ይዛ ቆማለች። የወንዙን ደገምኩ፣ የማያውቅህ ሰው ይክፈትልህ የሚለውን ደገምኩ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ከወዲያ የሚሰማኝ የሞተሩ ድምፅ ብቻ እንደሆነ ነቃሁ። ኢዮብ ማንበቡን አቁሟል። እኔ ግን እየተናገርኩ ነበር፣ በሀዲይኛ፣ ሳልደናቀፍ፣ የማላውቀውን አነጋገር፣ አፌ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። ስንት መስመር እንደጨመርኩ አላውቅም። ስጨርስ ኢዮብ በደከመ ድምፅ «አሜን» አለ፣ መስመሩም ተቋረጠ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቀና ስል ሊዲያ ፊቷ አመድ መስሏል። እሷ የከምባታ ልጅ ናት፣ ቤታችን የምንነጋገረው በአማርኛ ነው፣ በሀዲይኛ ያን ያህል ማውራቴ ገርሟት ይሆናል ብዬ መረቅኩት አልኳት፣ ይቅርታ እንደ መጠየቅ።

«ምን መረቅከው» አለችኝ፣ «አትሂድ ነበር እኮ የምትለው። በአማርኛ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አትሂድ፣ አትሂድ፣ አትሂድ።»

ተከራከርኳት፣ ማለችልኝ፣ ሊዲያ ለዋዛ የምትምል ሰው አይደለችም። እኔ የሰማሁትን አውቃለሁ፣ እሷም የሰማችውን ታውቃለች። ይኸው ከዚያ ቀን ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ፣ ያ ቁጥር አይሠራም፣ አብረውት የነበሩት ልጆችም ለቤታቸው አልደወሉም፣ ሰው ሁሉ እዚያ አካባቢ ኔትወርክ የለም እያለ ያጽናናናል። እናቴ በየጠዋቱ ትደውልና በአፍህ መርቀኸዋል አይደል ትለኛለች፣ አዎ እላታለሁ፣ ሌላ ምን እላታለሁ? ብቻ ሲደውል የምጠይቀው አንድ ነገር አለኝ፣ አሜን ያለው ለየትኛው እንደሆነ።